ገብስማ

ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዶሮ አቆጣጠር
ከዘራ ይዛ በር ላይ የምትውል ባልቴት።
ቲኔከ ዳሌዋ ተሰብሮ
በቃሬዛ ሲያወጧት፣
ያኔ ዙትፈን ላይ ቅጠል ይረግፍ ነበር፣
በጣቷ ያሳየችኝ ጓሮውን ነው።
«እስክመለስ» አለች።
ይኸው ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ያዘ።

በነሱ ቋንቋ ስሟ ዮሐና ነው።
እኔ ገብስማ እላታለሁ፣
ላባዋ የኔን ጢም ስለሚመስል።

ዶሮ የማውቀው በቢላ ነበር።
ፈረሰኛ፣ መላላጫ፣ ክንፍ፣ አንገት፣
አሥራ ሁለት ቦታ ለይቼ፣
በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥቤ።
ሙሉዋን ግን፣ እንዲህ ሞቃ ክንዴ ላይ ተኝታ፣
ልቧ እንደ ስፌት መኪና ሲሮጥ፣
አላውቃትም ነበር።
የመጀመሪያ ቀን ስይዛት እጄ በልማዱ
ክንፎቿን ወደ ኋላ ቆልፎ ያዘ።
ዐይኗን ከታች ወደ ላይ ከደነች።
አፍሬ ለቀቅኋት።

ሆዷ ነው የታመመው፤ ውኃ ቋጥሯል።
የእንስሳት ሐኪሟ፣ ጉንጯ የቀላ ልጅ እግር፣
አገላብጣ ዳሰሰቻትና
«መርፌ አለ፣ አያማትም» አለችኝ።
ዋጋውንም ነገረችኝ።
በዚያ ገንዘብ ስድስት ቄብ ይገዛል።
አሰላሁት። አልዋሽም፣ አሰላሁት።
ከዚያ ቅርጫቱ ላይ ሹራቤን ደርቤ
በአውቶቡስ መለስኳት።
ሹፌሩ «ለእሷም ትኬት?» ብሎ ሳቀ።

ማታ ከሥራ ስገባ
በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ እፍኝ ጨው።
እስከ ደረቷ ትገባለች። መጀመሪያ ትቆጣለች፣
ቀጥሎ አንገቷ ይረዝማል፣ ይላላል፣
ጭንቅላቷ አውራ ጣቴ ላይ ይወድቃል።
በፀጉር ማድረቂያ ሳደርቃት
ላባው ሥር ቆዳዋ የአራስ ልጅ ቆዳ ነው።
ጥሬ አትነካም። ሩዝ በእርጎ፣ አንዳንዴ ትል።
ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይላሉ፤
የዚች ሕልም ምን እንደሆነ እንጃ፣
ተኝታ እግሯ ይጭራል።

እሑድ ቲኔከን እጠይቃለሁ፣
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ማገገሚያው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ
«ትጥላለች?»
ከፋሲካ ወዲህ ጥላ አታውቅም።
«ትጥላለች» አልኩ።
አንዴ ከአፌ ወጣ።

በሳምንቱ ከሱቅ ስድስት እንቁላል ገዝቼ
ቡናማዋን፣ ትንሿን መረጥኩ።
ቅርፊቷ ላይ ቀይ ማኅተም፣ ፊደልና ቁጥር።
በሆምጣጤ ፈተግኋት፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በጥፍሬ፤
ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም።
ኩስ ነካ አደረግሁባት፣ አንዲት ላባ ለጠፍኩ፣
በካልሲ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ እያሞቅሁ ወሰድኩላት።

ተቀበለችኝ። መነጽሯን አልፈለገችም።
በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ አዞረቻት፤
ማኅተሙ ላይ ሲደርስ ጣቷ ቆመ።
አርባ ዓመት ዶሮ ያረባ ጣት።
የግድግዳው ማሞቂያ ሲንጣጣ ሰማሁ።
«ዮሐና» አለች፣ «በዚህ ዕድሜዋ
ፊደል ቆጠረች?»

ላብ አጠመቀኝ።
እሷ እንቁላሏን ጉንጯ ላይ አስጠግታ
ዐይኗን ጨፈነች፤ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ሰው።
«ቤት ስትገባ አመስግንልኝ።
ጽሕፈቷ ግን ገና ነው፣ ትለማመድ።»

አመሰገንኩላት።
አሁን ጭኔ ላይ ናት፣ ፎጣ ውስጥ።
ሆዷ ያው ነው፤ ምናልባት ጠንከር ብሏል።
ነገ ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ አለን፣
እሄድ አልሄድ አልቆረጥኩም።
የቀሩትን አምስት እንቁላሎች
ቅድም ለእራት ጠብሼ
እንዳታየኝ ጀርባዬን ሰጥቻት
ቆሜ በላሁ።